የዋርካው ሜዳ ክርክር በእኔ አፍ

በሥራ ዘመኔ «እኔ» ያልኩት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ራሴ አልነበረም። «እኔ አልሰረቅኩም» ብያለሁ። «እኔ ከዚህ ሰው ጋር መኖር በቅቶኛል» ብያለሁ። «እኔ በሬውን የሸጥኩት ሚስቴ ታማብኝ ነው» ብያለሁ። ችሎት ፊት ቆሜ የሰውን ቃል ከሲዳምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ሲዳምኛ ስመልስ ፀጉሬ ነጣ። ባለፈው ክረምት ጡረታ ወጣሁ። በሳምንቱ ጉልበቴን አሞኝ ሐኪም ቤት ብሄድ ወጣቱ ሐኪም «ምንዎን ነው የሚያምዎት እናቴ?» ሲለኝ ዞር ብዬ ታማሚዋን ፈለግኩ። ሐኪሙ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። መንገድ ላይ ወጥቼ ግን ትከሻዬ ቀለል ብሎኝ ነበር። ከእንግዲህ የማንንም ነገር ተሸክሜ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አላደርስም። ይህን ያህል እንደከበደኝ እስካወርደው ድረስ አላወቅኩም ነበር።

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «አስተርጓሚ» እላለሁ፤ ወዲያው «ውይ፣ ቀላል ሥራ ነው» ይሉኛል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አባቴ ሲዳማ ነው፤ እናቴ የወላይታ ልጅ ሆና ሐዋሳ ገበያ ውስጥ እህል ስትሸጥ ያደገች ናት። ቤታችን ውስጥ አባቴ በሲዳምኛ ይቆጣል፣ እናቴ በአማርኛ ትመልሳለች፣ እኛ ልጆቹ መሐል ሆነን ሁለቱንም እናበርዳለን። ሥራውን የጀመርኩት ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በመንግሥት መዝገብ ግን የተቀጠርኩት ይርጋለም ፍርድ ቤት ነው፤ በጽሕፈት ሠራተኛነት። ደሞዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃ ነበር፣ ከዚያ በላይ አልነበረም። አንድ ቀን የችሎቱ አስተርጓሚ አቶ ባራሶ ኮሪደር ላይ ከአንዲት ባለጉዳይ ጋር ስነጋገር ሰምተውኝ ቆሙ። «አንቺ ልጅ፣ ሲዳምኛሽ የገጠር ነው፣ አማርኛሽ የገበያ ነው። ጥሩ ነው። ነገ ችሎት ግቢና ከኋላዬ ቁሚ» አሉኝ። በማግስቱ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ ከጽሕፈት ቤት ጠረጴዛዬ ይልቅ ከእሳቸው ኋላ የቆምኩበት ጊዜ በለጠ።

አቶ ባራሶ ረጅም፣ ቀጭን፣ በሙቀትም በብርድም ግራጫ ኮት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ችሎት ከመጀመሩ በፊት ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ከባለጉዳዮች ጎን ይቀመጣሉ። ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አይጠይቁም። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ከብቱ ያወራሉ። መጀመሪያ ላይ ሰዓቱ እንዲሄድላቸው ይመስለኝ ነበር። ስጠይቃቸው «ድምፁን እየለመድኩ ነው» አሉኝ። «አንዱ ሲናደድ ይስቃል። አንዷ ስትፈራ ትፈጥናለች። ይህን ሳላውቅ ቃሏን ብይዝ ግማሹን ነው የያዝኩት።»

የሚናገረውን ሰው ቀድመው አይቆሙም፤ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ ናቸው። ሲተረጉሙ ዳኛውን አያዩም፣ ዓይናቸው ወለሉ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ግን መጠበቅን ነው። በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ሰውየው 'ጎረቤቴን በዱላ' ብሎ ሲጀምር ጸሐፊው እስክሪብቶውን ያነሣል፤ ዳኛው ፊቱን ያጠቁራል። አንቺ ግን ጠብቂ» ይሉኝ ነበር። «መታሁት ሊል ይችላል። አልመታሁትም ሊል ይችላል። ደገፍኩት ሊልም ይችላል። ሰው ሐሳቡን የሚጨርሰው በመጨረሻው ቃል ነው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ከባለጉዳዮቹ አንዱ ዘመዳቸው፣ ጎረቤታቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው ከሆነ ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው ይናገራሉ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ የሚቃወመኝ ካለ ልውጣ።» ብዙ ጊዜ የሚቃወማቸው አይኖርም። ችሎቱ ሲያልቅ ደግሞ ጓሮ ወጥተው አፋቸውን በውሃ ይጉመጠመጣሉ። የሰው ቃል አፋቸው ውስጥ እንዳያድር ነው ብለው ነገሩኝ፤ እየቀለዱ ይሁን ከልባቸው አላወቅኩም። እኔም ጡረታ እስከምወጣ ድረስ እንደዚያው አደርግ ነበር።

ከይርጋለም ወደ አለታ ወንዶ፣ ከአለታ ወንዶ ወደ ሐዋሳ ተዛወርኩ። ዳኞች ብዙ አየሁ። አንዱ «አጭር አድርጊው» ማለት ይወድ ነበር፤ ባለጉዳዩ ለረጅም ጊዜ ከተናገረ እኔ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንድጨርስለት ይፈልጋል። ሌላው ደግሞ በቀስታ «እስኪ እንደገና» የሚል፣ ሰው ሲያለቅስ ወረቀት የሚያገላብጥ ደግ ሰው ነበር። አለታ ወንዶ ሳለሁ አንድ ምስክር «አባቴ አይቷል» ብሎ ሲመሰክር የሌላው ወገን ጠበቃ ብድግ ብሎ «አባቱ ከሞተ ቆይቷል፣ ውሸታም ነው!» አለ። ምስክሩ አባቴ ያለው አጎቱን ነበር፤ እንደዚያ ብሎ ነው ያደገው። ፈቃድ ጠይቄ አስረዳሁ፤ ዳኛው ራሱን ነቀነቀና ጽፎ አለፈ። እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ ነበር። አቶ ባራሶ ጡረታ ወጥተው፣ ኋላም አርፈው፣ እኔ ሐዋሳ ከተማ ፍርድ ቤት ውስጥ አንጋፋዋ አስተርጓሚ ሆንኩ። ከዚያ የዋርካው ሜዳ ነገር መጣ።

ሜዳው ከሐዋሳ ዳር ካለው ከቡሹሎ አለፍ ብሎ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። መሐሉ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ስላለ የከተማው ሰው የዋርካው ሜዳ ይለዋል። የአካባቢው ገበሬዎች ከብቶቻቸውን ውሃ አጠጥተው ሲመለሱ ያሳርፉበታል። ሰርግ ይሠረግበታል። ሰው ሲጣላ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። እሑድ እሑድ ደግሞ ከከተማው ወጣቱ ኳስ ይዞ፣ ቤተሰቡ ምሳውን ቋጥሮ ይመጣል። አጥር የለውም፤ የእኔ ነው የሚልም የለም።

አንድ የቤት አልሚ ድርጅት እዚያ ሜዳ ላይ ለመኖሪያ ቤት ማህበራት አፓርትመንት ሊሠራ ነው ተባለ። ከማህበሮቹ በአንዱ ውስጥ ልጄ ቤተልሔም ነበረች። ቤቲ ነርስ ናት፤ አዲስ ከተማ በሚባለው የሐዋሳ ሰፈር ሰው ግቢ፣ አንድ ክፍል ተከራይታ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። አከራይዋ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ትቆጣለች፤ ልብስ ስታሰጣ ትቆጣለች። ቤቲ ስለዚያ አፓርትመንት ስታወራ ዓይኗ ይበራል። እኔም ስሰማት ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ነዋሪው ግን ተነሣ። ገበሬዎቹ አሉ፤ ከከተማም በአዲስ ከተማ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ የስልጤ ነጋዴና ጎረቤቶቻቸው አሉ። ሐጂ ልጆቻቸውን ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ኳስ ያስጫወቱ፣ የኢድ ለት ደግሞ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያወጡ ሰው ናቸው። ገበሬዎቹ አማርኛ ብዙም አይናገሩም፤ ሐጂ ሲዳምኛቸው ከገበያ ዋጋ አያልፍም። አንድ ነገር የሚፈልጉ ሰዎች እርስ በርሳቸው አይግባቡም።

ክፍለ ከተማው የነዋሪውን ሐሳብ ለመስማት ስብሰባ ሲጠራ ከፍርድ ቤት አስተርጓሚ ተዋሰ፤ እኔ ተላክሁ። ከመጀመሩ በፊት ለሚመራው ኃላፊ «ልጄ ከማህበሩ አባላት አንዷ ናት። ይህን ለሕዝቡ ልናገርና ከተቃወሙኝ ልውጣ» አልኩት።

«ወይዘሮ አስቴር፣ ይህ ስብሰባ ነው እንጂ ችሎት አይደለም። ነገር አያብዙብን» አለኝ። ሰው አዳራሹን ሞልቶ ነበር። ለሕዝቡ ሳልናገር ቦታዬን ያዝኩ።

የድርጅቱ መሐንዲስ ተነሥቶ ስለ መልሶ ማልማት፣ ስለ አረንጓዴ ስፍራ፣ ስለ ሕንፃው ደረጃ ተናገረ። ቆንጆ አማርኛ ነበር፤ ወደ ሲዳምኛ ስመልሰው ግን አየር የመያዝ ያህል ነበር። ከዚያ የገበሬዎቹ ሽማግሌ አቶ ሌዳሞ ተነሡ። ሰባ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም፤ በትራቸውን ሁለት እጃቸው ላይ አጋድመው፣ ቀስ ብለው፣ አንዱን ቃል ከሌላው እየለዩ ተናገሩ። ከንግግራቸው መሐል «ይህ ጉዱማሌያችን ነው» አሉ። ኃላፊው ይህችን ቃል ሰማና ሳልተረጉም ሳቀ።

«ጉዱማሌ ምን ሆነ? የፊቼ በዓል የሚከበርበት ቦታ እዚያው አለ፤ ማን ነካው?»

ከፊት የተቀመጡት አብረው ሳቁ። እኔም ልክ እንደ ችሎት ፈቃድ ጠየቅኩ፤ ጉዱማሌ የአንድ ቦታ ስም ብቻ አይደለም፣ ገበሬው የማንም ያልሆነውን፣ ሁሉም የሚውልበትን መሬት እንደዚያ ይለዋል ልል ነበር። ኃላፊው ግን አቋረጠኝ። «የተባለውን ብቻ ይተርጉሙ!»

በዚህ መሐል ከኋላ ሦስት ሰዎች ባንድ ጊዜ ተነሥተው መናገር ጀመሩ። አንዱ ይጮኻል፣ አንዷ ታለቅሳለች። አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱን ልይዝ ስል ሌላው ያመልጠኛል፤ የአቶ ሌዳሞ ንግግር ደግሞ ግማሹ ገና አፌ ውስጥ ነው። ኃላፊው «ምን ይላሉ? ባጭሩ!» እያለ ጠረጴዛውን ይመታል። ከአፌ የወጣው «አይስማሙም» የሚል ብቻ ነበር።

አቶ ሌዳሞ አማርኛ ባይችሉም አንድ ቃል ስትወጣ አይተዋል። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እኔ ይህን ሁሉ ተናገርኩ። አንቺ ያቀበልሽው አንድ ነው። የቀረው ቃሌ የት ሄደ?»

መልስ ሳልሰጥ ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው «ልጇ እዚያ ቤት ታገኛለች! ጠይቋት!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የተባለውን መድገም አልፈልግም። ኃላፊው ራሱ «ይውጡ፣ ይውጡ» አለኝ። በጎን በር ወጣሁ። ያን ቀን አፌን በውሃ ብጉመጠመጥም አልለቀቀኝም። ይርጋለም ከጀመርኩ ጀምሮ ችሎት ውስጥ ማንም ቃሌ የት ሄደ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ለሁለተኛው ስብሰባ ሌላ አስተርጓሚ ተፈለገ። ታሪኩ የሚባል ወጣት መምህር ነው፤ ሲዳምኛውም አማርኛውም የጠራ፣ ቅን ልጅ። አዳራሹ ግን ከመጀመሪያው ይብስ ተንጫጫ። አቶ ሌዳሞ ተናገሩ፤ ታሪኩ ተረጎመ፤ ኃላፊው ብድግ ብሎ ፖሊስ ጠራ። ሽማግሌው «ሜዳውን ብትወስዱት እንቀብራችኋለን» ብለው ዝተዋል ተባለ። ያንኑ ዕለት ተያዙ። ቤተሰቦቻቸው በዋስ ቢያስወጧቸውም የዛቻ ክስ ተመሠረተባቸው።

ጉዳዩ እኛ ፍርድ ቤት መጣ። ተረኛዋ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ።

ማታውን ቤቲ ልጆቹን ይዛ መጣች። ልጆቹ ተኙና እኛ ወጥ ቤት ቀረን። «እማዬ፣ ይቅርብሽ» አለችኝ። «በዚያ ስብሰባ ያደረጉሽን አይተሻል። ሌላ ሰው ይተርጉም።»

«ሥራዬ ነው።»

«ሥራሽ መሆኑን አውቃለሁ። እኔስ? ልጆቼን ይዤ እስከ መቼ ነው በሰው ግቢ የምኖረው? ያ ሜዳ እኮ ሣር ነው፣ እማዬ። ሣር!»

እውነቷን ነው፤ ልጆቿ መሮጫ የላቸውም። አቶ ሌዳሞም እውነታቸውን ነው። ከሁለቱ መሐል መቆም ለምጃለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ እንዲህ ከሥጋዬ ጋር ግን አልለመድኩትም። «ነገ የሚሆነውን እናያለን» ብያት ሰሃኑን ማጠብ ቀጠልኩ።

በማግስቱ ችሎቱ ሲከፈት ዳኛዋ መዝገቡን ከመጥራቷ በፊት እጄን አወጣሁ። ወጣት ናት፤ ቀጠሮ የማታበዛ፣ ሰው የምታዳምጥ ዳኛ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ልጄ በዚያ ሜዳ ላይ ቤት ከሚሠራላቸው ሰዎች አንዷ ናት። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይም እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው፤ የተከሳሹን ቃልም በሙሉ አላደረስኩም። ተከሳሹ ወይም ዓቃቤ ሕግ የሚቃወሙኝ ከሆነ ልውጣ።» ከዚያ ዞሬ ይህንኑ ለአቶ ሌዳሞ በሲዳምኛ ደገምኩላቸው። አንድም ቃል አልቀነስኩም።

ዓቃቤ ሕጉ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ግድ የለውም። አቶ ሌዳሞ «ልጅሽ ስንት ልጅ አላት?» አሉኝ። ይህንንም ለዳኛዋ ተረጎምኩ፤ ዳኛዋ እንድመልስ ፈቀደችልኝ።

«ሁለት» አልኳቸው።

«እንግዲያው ነገሩ ያንቺም ነው። በደንብ ታደምጪኛለሽ። አንቺው ሁኚልኝ» አሉ።

ዳኛዋ ተከሳሹ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ምን እንዳሉ እንዲናገሩ አዘዘች። አቶ ሌዳሞ የያኔውን ንግግራቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ ከትከሻቸው ትንሽ ወደ ኋላ ቆሜ ወለሉን እያየሁ ጠበቅኩ። ሲያርፉ እኔ እናገራለሁ፤ ስጨርስ እሳቸው ይቀጥላሉ። አዳራሹ ውስጥ ያልሰጠኋቸውን ጊዜ ችሎቱ ሰጠን።

«እኔ ሕፃን ሳለሁ አባቴ ከአንድ ሰው ጋር ደም ተቃብቶ ነበር» አልኩ፤ በእሳቸው «እኔ»። «ሁለቱ ቤተሰቦች የታረቁት ዋርካው ሥር ነው። ከዚያ በፊት እናቴ ማታ በር ሲንኳኳ አትከፍትም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከፈተች። እኔ ሚስቴን ያገባሁት እዚያ ሜዳ ላይ ነው። ከብቶቼ ከሐይቁ ጠጥተው ሲመለሱ እዚያ ይተኛሉ፤ ማንም አያባርራቸውም። የከተማ ልጆች እዚያ ኳስ ይጫወታሉ፤ እኔ አላባረርኳቸውም። መሬቱ ባዶ ነው ትላላችሁ። ባዶ አይደለም፤ ማንም ስላልያዘው ሁላችንንም ያዘ እንጂ። ጉዱማሌ ማለት ይህ ነው። ቤት አትሥሩ አላልኩም። ቤት የሌለው ሰው እንደሚያዝን አውቃለሁ። ግን ሁላችንም የምንወጣበትን አንድ ደጅ አትዝጉብን አልኩ።»

ከዚያ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ተናገሩ። ጠበቅኩ። ግሡ መጣ።

«'ሜዳውን ብትወስዱት ግን መጀመሪያ እኛን ቅበሩን' ብዬ ነው የጨረስኩት።»

ዓቃቤ ሕጉ ራሱ ያቀረበው ምስክር መምህር ታሪኩ ቀጥሎ ቃሉን ሰጠ። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አዳራሹ ውስጥ ጩኸት ነበር። የመጨረሻውን ቃል በደንብ አልሰማሁትም፤ በግምት ነው የሞላሁት። አሁን ሲናገሩት ሰማሁ። ያኔም ይህንኑ ይሆናል ያሉት። ማንንም እንቀብራለን አላሉም።» በስብሰባው ከአቶ ሌዳሞ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ሰዎችም «ቅበሩን» እንዳሉ መሰከሩ። ልጁ ከሳጥኑ ሲወርድ በአጠገቤ አለፈ፤ ክንዱን ነካ አደረግኩት። እንዲያ ባለ አዳራሽ ውስጥ እኔስ ምን ሠርቼ ነበር?

አቶ ሌዳሞ በነፃ ተሰናበቱ። ኮሪደሩ ላይ ሚስታቸው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። ሐጂ ሸምሱ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወደ እኔ መጡ። «አስቴር ልጄ፣ እስከ ዛሬ አብሬያቸው ስቆም ሽማግሌው የሚሉትን አላውቅም ነበር። ለካ የእኔኑ ነው የሚናገሩት» አሉኝ።

ከሁሉም ኋላ ቤቲ ቆማ ነበር። የነርስ ጋውኗን እንደለበሰች ከሥራ ወጥታ መጥታ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። እኔ አላየኋትም ነበር። «ቦታውን አይቼው አላውቅም» አለችኝ። «አሳዪኝ።»

የዚያን ሳምንት እሑድ ልጆቹን ይዘን ሄድን። ልጆቹ ከባጃጅ ወርደው ሜዳው ላይ ሲሮጡ ቤቲ ዋርካው ሥር ቆማ ታያቸው ነበር። አንድም ሰው አልተቆጣቸውም። ሰኞ ዕለት ወደ ማህበሯ ሰዎች ሄደች። የተጣሏት አሉ፤ «የእናትሽ ነገር ነው» ያሏት አሉ። ከማህበሩ የወጡም አሉ። ግን ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ይሰጠን፣ የምንገባበት ቤት የሰው ልቅሶ ያለበት አይሁን ብለው ከነዋሪዎቹ ጋር አብረው ወደ ከተማው አስተዳደር አቤት አሉ። ሐጂ ሸምሱ ደግሞ ነጋዴ ናቸውና ከተማው ውስጥ ሥራ ያቆመ የመጋዘን ግቢ እንዳለ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። የደብዳቤው መመላለስ ብዙ ወራት ወሰደ፤ እሱን አልተርክም፣ ማንበብም አያስፈልጋችሁም።

በዚህ መሐል የሲዳማ ክልል ተቋቋመ፤ የሥራ ቋንቋው ሲዳምኛ ሆነ። የእኔም ሥራ ፊቱን አዞረ። ድሮ ገበሬው ነበር አፌን የሚጠብቀው፤ አሁን አማርኛ ብቻ የሚችለው የከተማ ሰው ሆነ። ውሳኔው የሚነገርበት ቀን ነዋሪው ሁሉ ተሰበሰበ። አዲሱ ኃላፊ ወረቀቱን ይዞ በሲዳምኛ ማንበብ ጀመረ። ዐረፍተ ነገሩ ደግሞ ረጅም ነው፤ ከቡሹሎ አለፍ ብሎ ያለው፣ የዋርካው ሜዳ በመባል የሚታወቀው፣ ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ተጠይቆ የነበረው ቦታ...

«ምን አለ?» አሉኝ ሐጂ ሸምሱ ክንዴን ይዘው። «ምን አለ?»

«ይጠብቁ ሐጂ፣ አልጨረሰም።»

«ተሰጠ ወይስ አልተሰጠም?»

«አላለም! ገና ነው!»

እኔም እንደሳቸው ቸኩዬ ነበር። ሰውየው ቦታው በነበረበት፣ ለነዋሪው የጋራ መዋያነት፣ ለከብት ማረፊያነትና ለሽምግልና... እያለ ይጎትታል። ከዚያ ግሡ መጣ፤ ገበሬዎቹ ከወንበራቸው ዘለሉ፤ ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። የሐጂ ዓይን አፌ ላይ ነው።

«እንዲቆይ ተወስኗል» አልኳቸው። «ሜዳው ይቆያል። ማህበሩ የመጋዘኑን ግቢ ያገኛል።»

ሐጂ ሸምሱ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ዝርግፍ አሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። ቃሉን ከጉሮሮው እስኪያወጣው ልሞት ነበር» አሉ። ሳቅ አፈነኝ። በሥራ ዘመኔ ውሳኔ ስተረጉም የሳቅኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ የመጋዘኑ ግቢ ሕንፃ ተሠርቶ ቤቲ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትኖራለች። ውሃ አንዳንድ ቀን ላይወጣ ይችላል፤ የላይኛው ጎረቤቷ ወንበር ሲጎትት ትነጫነጫለች። የራሷ ቤት ስለሆነ መነጫነጩን ትወደዋለች። እኔ ግን ሳስታውስ ብዙ ጊዜ የሚመጣብኝ የዚያ የውሳኔው ቀን ምሽት ነው።

ከአዳራሹ ወጥተን ሁላችንም ሳንቀጣጠር ወደ ሜዳው ሄድን። ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ እያዘቀዘቀች ነበር። ከብቶቹ ከውሃ እየተመለሱ ነው። የቤቲ ልጆች ከገበሬዎቹ ልጆች ጋር ኳስ ጀመሩ። እኔ ጫማዬን አውልቄ ዋርካው ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ያኔም ያመኝ ነበር።

አቶ ሌዳሞ ከሩቅ ቤቲን አይተው ወደ እሷ ሄዱ። ልነሣ አልኩ፤ ሰው ሲነጋገር መሐል መቆም ልማዴ ነው። ከዚያ ተውኩት። አቶ ሌዳሞ በትራቸውን ተደግፈው በአማርኛ ጀመሩ።

«ቤት... እዚያ... ጥሩ ነው። አንቺ ቤት ገባሽ፣ እኔ ላም እዚህ አደረ። እሑድ ልጅ ይዞ ና። ወተት አለ።»

ቤቲ ደግሞ ከእኔ የሰማችውን፣ ልጅ ሆና አባቴ ቤት የለቃቀመችውን ሲዳምኛ ሁሉ አወጣች። እመጣለሁ፣ ልጆቼን አመጣለሁ ለማለት ነበር። እሳቸው ጎንበስ ብለው አደመጧት፤ ከዚያ ድምፅ አውጥተው ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፤ ትከሻዋን ይዘው ወደ ላሞቹ ይዘዋት ሄዱ።

አቶ ሌዳሞ «ና» ብለው እንደ ወንድ ነው የጠሯት። ቤቲ ደግሞ እመጣለሁ ስትል መጥቼ ነበር ብላለች። ሁለቱንም ሰማሁ። ሁለቱም ገብቷቸዋል። እግሬን ዘርግቼ ጀርባዬን ዋርካው ላይ አስደገፍኩ።